በርበሬው፣ ማሩና ሽምብራው በምን ይታሸግ? ለጎንደር አነስተኛ አምራቾች የማሸጊያ ንጽጽር

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ጤፍ የሚሸምት ሰው «በማዳበሪያ ነው ወይስ በጆንያ?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ አፈር ማዳበሪያ እንደማይናገር ሁሉም ያውቃል። ዳፕና ዩሪያ ተሞልቶበት የመጣው፣ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ከረጢት ይዘቱ እርሻ ላይ ከተበተነ በኋላ እህል ሲያመላልስ ኖሮ በመጨረሻ የይዘቱን ስም ለራሱ አስቀርቶታል። ይህ ስያሜ ስለ ሀገራችን የማሸጊያ ታሪክ ብዙ ይናገራል። ለረጅም ጊዜ ማሸጊያ ተመርጦ የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን ሌላ ዕቃ ይዞት መጥቶ ለሁለተኛ አገልግሎት የተረፈ ነገር ነበር። ከዚያ ቀደም የነበሩት ስልቻው፣ አቁማዳው፣ የማሩ ጉንዶና የቅቤው ቅል ግን ለሚይዙት ነገር ታስበው የተሠሩ ነበሩና፣ በዚህ ረገድ አያቶቻችን ከእኛ ይሻሉ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ ማኅበራት፣ ማር አጣርተው የሚያቀርቡ ወጣቶች፣ ጥራጥሬ አበጥረው ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ነጋዴዎች ማሸጊያን እንደ ማንኛውም ግብዓት መርጠው መግዛት ግድ ሆኖባቸዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱ ነው። አብዛኛው ሰው ማሸጊያ ሲመርጥ የሚያየው መልኩንና የአንዱን ዋጋ ነው። እኔ ግን ከሁለቱም የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ዛሬ የተገዛው ማሸጊያ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው መጠን፣ በዚያው ጥራትና አምራቹ ሊሸከመው በሚችለው ዋጋ ደግሞ ይገኛል ወይ? አንድ ጊዜ ተገኝቶ ከሚጠፋ ድንቅ ማሸጊያ በየጊዜው የሚገኝ መካከለኛ ማሸጊያ ይሻላል፤ ደንበኛ ዕቃውን የለመደው በመልኩ ነውና በየሦስት ወሩ መልኩ የሚለዋወጥ ዕቃ ገበያ አይተክልም።

ዋጋው የማይረጋበት ምክንያት

የሀገሪቱ የማሸጊያ ኢንዱስትሪ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በዓይን የሚታይ ዕድገት አሳይቷል። የታሸገ ውሃ፣ ቢራ፣ የምግብ ዘይት፣ ፓስታና ብስኩት በየከተማው ሲበዙ ጠርሙስ የሚነፉ፣ ካርቶን የሚያጥፉና ላስቲክ የሚያትሙ ፋብሪካዎችም አብረው በዝተዋል፤ አብዛኞቹም የሠፈሩት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ነው። ዕድገቱ ግን አንድ እግሩን ባሕር ማዶ እንዳሳረፈ ነው። ኢትዮጵያ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ስለሌላት ላስቲኩ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን፣ ከረጢቱ የሚሸመንበት ፖሊፕሮፒሊን፣ የውሃ ጠርሙሱ የሚነፋበት ፔት ሁሉም ከውጭ ተገዝተው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢ ዕቃችን በሚያልፍበት በጅቡቲ በኩል ይገባሉ። የወንጂው የወረቀት ፋብሪካ ለዐሥርት ዓመታት የሠራ ቢሆንም ወረቀት የሚሠራበትን ፐልፕ ያገኝ የነበረው በአብዛኛው ከውጭ ነው። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጥሬ ዕቃውን በዶላር የሚገዛ ፋብሪካ ዋጋውን ከዚያ ጋር ሳያስተካክል ሊቆይ አይችልም ነበር።

ጎንደር ላይ ለተቀመጠ ገዢ ይህ ሁሉ የሚደርሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ነው፦ «ዋጋው የሚጸናው እስከ ዓርብ ነው።» ከዚያም ዝቅተኛው የትእዛዝ መጠን ይነገረዋል። ለውሃና ለቢራ ፋብሪካ የሚያትም ድርጅት ማሽኑን አቁሞ፣ ቀለሙን አጥቦ፣ ለአንድ ማኅበር ሁለት ሺህ ከረጢት ማተም አያዋጣውም፤ ሁለት ሺህ ከረጢት ደግሞ ለዚያ ማኅበር የብዙ ወር ሽያጭ ነው። በመካከላቸው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይሆንም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ንጽጽር የላብራቶሪ ንጽጽር ብቻ ሳይሆን የርቀትም ንጽጽር ነው።

በርበሬና ሽሮ

ከበርበሬ የምጀምረው በርበሬን ጠብቆ የሚያቆይ ማሸጊያ ሽሮውንም፣ ነጭ አዝሙዱንም፣ ኮረሪማውንም ስለሚያቆይ ነው። እርጥበት በርበሬን ያሻግተዋል፤ የሻገተ በርበሬ ጣዕሙ መለወጡ ብቻ ሳይሆን አፍላቶክሲን የተባለው፣ ጉበትን የሚጎዳው መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ብርሃን ቀለሙን ያነጣዋል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ቀለሙንም ሽታውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ማሸጊያ ከውጭ የሚመጣን እርጥበት ይከላከላል እንጂ ውስጥ የቀረውን አያደርቅም። እንዲያውም በደንብ ያልደረቀ በርበሬ በጥሩ ማሸጊያ ሲታሸግ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ የባሰ ይበላሻል።

ተራው ላስቲክ፣ ማለትም ፖሊኢትሊን፣ ርካሽ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ሳይቸገሩ ይገኛል፤ በቀላል ማሞቂያ ይጣበቃል፤ እርጥበትንም በሚገባ ያግዳል። ድክመቱ አየርና ሽታ ማሳለፉ ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የተወቀጠ ኮረሪማ በላስቲክ አስሮ ከስኳር ጋር በአንድ ቁም ሣጥን ያኖረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ስኳሩ ኮረሪማ ኮረሪማ ሲሸት ያገኘዋል። ሽታው የወጣበት ቀዳዳ ለአየርም መግቢያ ነው። ስለዚህ ተራ ላስቲክ በሳምንታት ውስጥ እዚሁ ከተማ ተሸጦ ለሚያልቅ በርበሬ በቂ ነው፤ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ወራት ለሚቆይ ግን አይበቃም።

ቡናማው የወረቀት ከረጢት አሁን የብዙዎች ምርጫ ሆኗል፤ «ባህላዊ ይመስላል» ይባልለታል። ወረቀቱ ግን ብቻውን እርጥበትም አየርም አያግድም፤ ሥራውን የሚሠራው ከውስጥ የተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ሻጩ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ወረቀቱ ውፍረት ሳይሆን ስለ ሽፋኑ ዓይነት ነው። አንዱን ከረጢት ቀዶ ማየት ይገባል፤ ውስጡ እንደ ላስቲክ ብቻ ከሆነ ከተራው ላስቲክ ብዙም አይለይም፤ ብርማ ከሆነ ደግሞ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ማየት ነው። ምንም ብርሃን ካላሳለፈ እውነተኛ የአሉሚኒየም ንጣፍ አለው፤ ደብዛዛ ብርሃን ካሳለፈ በአሉሚኒየም ትነት የተቀባ ፊልም ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስም ለበርበሬ ከተራ ላስቲክ እጅግ ይሻላል።

በዚህ ጉዳይ እኔም ተታልያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ በርበሬ መሸጫ ብዬ የገዛሁት ቡናማ ከረጢት ፊቱ ላይ ክብ መስኮት ነበረው፤ ደንበኛ ቀለሙን አይቶ ይግዛ ብዬ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ከመስታወቱ አጠገብ ደረደረው፤ ፀሐይም በየቀኑ ትጎበኘው ነበር። ሳይሸጥ የተመለሰውን ከፍተን ዘረገፍነው፤ በመስኮቱ ልክ የነጣ፣ የጡብ አቧራ የመሰለ ክብ ወጣ፤ ዙሪያው ግን እንደተፈጨበት ቀን ቀይ ነበር። እናቴ አንዴ አይታው «ጨረቃ አስገብተህበታል» አለችኝ። የሚያሻሽጠው መስኮት ራሱ ያበላሸዋልና፣ መስኮት የግድ ከሆነ ከኋላ በኩል ወይም ከታች በቀጭኑ ይሁን።

ክዳኑ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ማሰሮ ሌላው አማራጭ ነው። ለቤት እመቤት ይመቻል፤ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ባዶው ለሌላ ያገለግላል። ሆኖም አንድ መኪና ባዶ ማሰሮ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ማለት በአብዛኛው አየር ማስጫን ነው፤ በዚያው ቦታ ብዙ እጥፍ ጠፍጣፋ ከረጢት ይገባል። በእኔ ግምት ማሰሮ የሚያዋጣው ውድ ለሆነ ቅመም፣ በትንሽ መጠን ሲሸጥ ብቻ ነው።

ከዕቃው ዓይነት ባልተናነሰ የሚወስነው አስተሻሸጉ ነው። በርበሬ ዱቄት ነውና ሲሞላ በከረጢቱ አፍ ላይ ይነሰነሳል፤ ማሞቂያው ሲጫን ላስቲኩ ከላስቲክ ጋር ሳይሆን ከዱቄት ጋር ይገናኛል፤ ላይ ላዩን የተዘጋ ይመስልና ያስተነፍሳል። ረጅም አንገት ባለው ማንቆርቆሪያ መሙላትና ከማሸግ በፊት አፉን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማሽን ከመቀየር ይልቅ ብዙ ብክነት ያስቀራል። ከየሃምሳው አንዱን ውሃ ውስጥ ነክሮ መጫንና አረፋ መውጣቱን ማየት በቂ ፍተሻ ነው።

የከፍታው ነገር ብዙም አይወራም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየር ይዞ የታሸገ ከረጢት አባይ በረሃ ውስጥ፣ 1,000 ሜትር አካባቢ ሲወርድ አየሩ ይጨመቃል፤ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ እንጦጦን ሲያልፍ ደግሞ ከታሸገበት መጠን በላይ ይነፋል። መጨመቁ አይጎዳም፤ መነፋቱ ግን ደካማ ስፌትን ይከፍታል፣ በተለይም ከረጢቶቹ ካርቶን ውስጥ ተጠቅጥቀው ከሆነ። ከማሸግ በፊት በእጅ ተጭኖ አየሩን ማስወጣት ለዚህም ለኦክስጅኑም መድኃኒት ነው።

ስለ ሕትመት የሚነሳው ጥያቄ «ይታተም ወይስ ይለጠፍ?» ነው። ፊልም ላይ በሲሊንደር የሚታተም ሕትመት ያምራል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሲሊንደር ይቀረጻል፤ ወጪውም የሚካካሰው ብዙ ሲታተም ነው። ስልክ ቁጥር ሲቀየር፣ ክብደት ከ500 ግራም ወደ 400 ሲወርድ ወይም አንድ ፊደል ሲሳሳት ቁልሉ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ያልታተመ፣ ብርማ ሽፋን ያለው ከረጢት በብዛት ገዝቶ ተለጣፊ ጽሑፉን እዚሁ ጎንደር በትንሽ በትንሹ ማሳተም ለአብዛኛው አነስተኛ አምራች የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ያው ከረጢት ዛሬ ሽሮ፣ ነገ ምጥን ይሞላበታል፤ አቅራቢው ቢጠፋም ከሌላ አቅራቢ በዚያው መጠን የተገኘውን መተካት ይቻላል። ተለጣፊው ላይ የምርቱ ስም፣ ይዘቱ፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ሊኖሩ ይገባል፤ ቀኑንም በእስክርቢቶ ከመጻፍ በማኅተም መምታት ይሻላል፤ በርበሬ የነካው ጣት እስክርቢቶን ይፍቃልና።

ማር

ማር ከበርበሬ ይልቅ ታጋሽ ነው፤ ክብደቱ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የአንድ ኪሎ ማር ማሰሮ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ይህን ሳያሰላ የአንድ ሊትር ማሰሮ የገዛ ሰው ወይ ጎዶሎ የሚመስል ዕቃ ይሸጣል፣ ወይ ሳያስበው አትርፎ ይሰጣል።

ብርጭቆ ለማር የሚስማማ ዕቃ ነው፤ ሽታ አያስገባም፣ አያስወጣም፣ ማሩን ያሳያል፣ ክብርም ይሰጣል። ችግሩ ክብደቱና ስብራቱ ነው፤ የግማሽ ኪሎ ማር ማሰሮ ባዶውን ከይዘቱ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የጭነት ዋጋውም ባዶው ሲመጣና ሞልቶ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። እዚህ ላይ የከተማችን የዳሸን ቢራ ጠርሙስ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ቢራውን ያደረሰው መኪና ባዶውን ጠርሙስ በሣጥን ጭኖ ስለሚመለስ አንድ ጠርሙስ ታጥቦ ደጋግሞ ይሞላል፤ በየጊዜው አዲስ የሚሆነው ቆርኪው ነው። ማር ሻጩም ጎንደር ውስጥ ለቋሚ ደንበኞቹ ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ ባዶ ማሰሮ ለመለሰ ዋጋ ይቀንሳል፣ ክዳኑን ብቻ ይለውጣል። አዲስ አበባ የተሸጠው ማሰሮ ግን አይመለስምና ለዚያ ገበያ ሰፊ አፍ ያለው የፔት ማሰሮ የተሻለ ነው። ፔት ቀላልና የማይሰበር ነው፤ ሙቀት ግን አይችልም፤ ማሩ እንዲፈስስ ብለው አሙቀው ትኩሱን ከሞሉበት ማሰሮው ይጣመማል። ማሩም ቢሆን መሞቁ አይጠቅመውም።

አፈ ሰፊነቱን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ንጹሕ ማር በደጋ ብርድ ይረጋል፤ የረጋ ማር ከጠባብ አፍ አይወጣም። ባገለገለ «ሃይላንድ» ማር መሸጥ የሚጎዳውም በዚህ ነው፤ ጠርሙሱ በውስጥ በኩል በደንብ አይታጠብም፣ ማሩ ሲረጋ ደግሞ ደንበኛው በቢላ ቀዶ ያወጣዋል፣ ቀጥሎም «ስኳር ነው» ብሎ ያማል። በጅምላ ለሚሸጥ ማር ክዳኑ ጥብቅ የሆነ፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ነጭ ባልዲ ይበቃል። ውስጡ ያልተቀባ ቆርቆሮ ግን አይመከርም፤ ማር አሲድነት ስላለው ብረቱን ይበላዋል።

ሽምብራ፣ ምስርና ሰሊጥ

ከደምቢያ የሚመጣ ሽምብራ ዋና ጠላቱ ነቀዝ ነው። ጆንያ አየር ያስተላልፋል፤ ስለዚህ እህሉ አይታፈንም፣ ነቀዙም አይታፈንም። የተሸመነው ማዳበሪያም በዚህ በኩል አይሻልም፤ ብልጫው ርካሽና ጠንካራ መሆኑ ነው። የእውነተኛ ማዳበሪያ ቅሪት የነበረበት ከረጢት ግን ቢታጠብም ለምግብ እህል መዋል የለበትም። ሦስተኛው አማራጭ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ የተሸመነ ከረጢት ያለው አየር የማያስገባ ጆንያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል፤ መድኃኒት አይረጭም። ዋጋው ከተራው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ሳይበሳ በጥንቃቄ ከተያዘ ከአንድ ወቅት በላይ ያገለግላል። ሽምብራን ዋጋው እስኪነሣ ለወራት ለሚያቆይ ነጋዴ ይህ ጆንያ ወጪውን ይመልሳል፤ በሳምንት ውስጥ ለሚሸጥ ግን ተራው ይበቃል። ላስቲኮቹ አንድ በአንድ ተጠምዝዘው ካልታሰሩ፣ ወይም አይጥ ከበሳቸው፣ ውድ ተራ ጆንያ ሆነው ይቀራሉ።

የሰሊጥን ነገር በአጭሩ እተዋለሁ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ የሚሸጥበት ከረጢት በገዢው ውል የሚወሰን ስለሆነ ለአምራቹ የሚቀረው ምርጫ ጥቂት ነው።

ካርቶንና ፌስታል

ካርቶን ሲገዛ የሚጠየቀው ባለ ሦስት ንብርብር ነው ወይስ ባለ አምስት የሚለው ነው። ለበርበሬ ከረጢት ባለ ሦስቱ ይበቃል፤ ለማር ማሰሮ ግን ባለ አምስቱ ያስፈልጋል። ካርቶን በክረምት እርጥበት ስቦ ይልፈሰፈሳልና ከሰኔ እስከ መስከረም መሬት ላይ ሳይሆን ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ቁልሉም ይነስ።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉ ጠብቋል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከለከለው ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ ግን ክልከላውን አስፍቶታል። ሱቅ ለሚከፍት ሰው ምትኩ የወረቀት ወይም የጨርቅ ከረጢት ነው። ጨርቅ መስሎ በየሱቁ የሚሰጠው ባለ ማንጠልጠያ ቦርሳ በአብዛኛው ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ፕላስቲክ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ ጨርቅ ነው ብሎ ለደንበኛ መንገር ትክክል አይደለም። ከጎንደር ሸማኔ የተገዛ ቁራጭ የጥጥ ጨርቅ ውድ ቢሆንም ደንበኛው ደጋግሞ ይዞት ስለሚመጣ ለማር ሱቅ ማስታወቂያም ይሆናል።

ከማዘዝ በፊት

የማር ቆረጣው ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ የበርበሬውም ወቅት ይከተላል። ስለዚህ ማሸጊያው ቢዘገይ ነሐሴ ላይ መታዘዝ አለበት፤ የመንገድ መዘግየት ቢያጋጥም አንድ ወር ያህል ትርፍ ጊዜ ይኖራል። ቢቻል ሁለት ሦስት ማኅበራት መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ያልታተመ ከረጢት በጋራ ቢያዙ ዝቅተኛውን የትእዛዝ መጠን ያሟላሉ፤ ተለጣፊውን ብቻ ለየራሳቸው ያሳትማሉ።

ሙሉው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ግን ዐሥር ናሙና ከረጢት ማስላክ ይገባል። በእውነተኛው በርበሬ ይሞሉ፤ ጥቂቱ መስኮት አጠገብ፣ ጥቂቱ እንፋሎት በማይጠፋበት የወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ፤ ሁለቱ በአውቶቡስ መተማ ደርሰው ይመለሱ፤ ሁለት ወር ሲሞላም ተከፍተው ጎን ለጎን ይታዩ፣ ይሽተቱ። አንዱ ግን ቀን ተጽፎበት ሳይከፈት ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ በኋላ ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሲኖር የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።